ማሽላ ልብ አለውን?

ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ በመኝታ ቤቶቻችንና በምግብ አዳራሹ ሰልፍ አንድ ክርክር ሲያሟሙቀን ሰንብቶአል። ይኸውም «ዕፅዋት አእምሮ አላቸውን?» የሚለው ጥያቄ ነው። አንደኛው ወገን «ዛፍ እንኳን አእምሮ ሊኖረው ቀርቶ ሲቆረጥም አይሰማው» ብሎ ይስቃል። ሁለተኛው ወገን በበኩሉ ዛፎች እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ፣ ይተዛዘናሉ፣ ይመካከራሉ እስከ ማለት ይደርሳል። እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ደግሞ ነገሩ የማይመለከተን ይመስል ከዳር ቆመን እንሰማለን። እኔ ግን ነገሩ የእኛም ነው እላለሁ። ስለ ሥርና ስለ ቅጠል መመርመር የሳይንስ ጓደኞቻችን ድርሻ ቢሆን፣ «አእምሮ» የተባለውን ቃል መመርመር የእኛ ድርሻ ነውና።

ደግሞም ክርክሩ ሁሉ በባሕር ማዶ ምሳሌ የሚካሄድ መሆኑ ይገርመኛል። ዝንብ የምታጠምደው የአሜሪካ ተክል ስሟ ሲነሣ፣ ከወልድያ እስከ መርሳ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆሞ የምናየውን ማሽላ የሚያነሣው የለም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብለዋል አባቶቻችን። እኔም ከሥሩ፣ ያውም ከማሽላው ሥር እጀምራለሁ።

በሐብሩ ማሽላ ማለት እንጀራ ነው። አገዳው ደግሞ የከብት መኖ ነው፣ የምድጃ ማገዶ ነው፣ የጎጆና የአጥር ሥራ ነው። የዚህ ማሽላ ክፉ ጠላት አቀንጭራ ይባላል። ወደ ሐምራዊ የሚያደላ አበባ ስላለው፣ የማያውቀው መንገደኛ ቢያየው «ምን ያማረ አበባ ነው!» ሊል ይችላል። ገበሬው ግን ሲያየው ልቡ ይሸበራል። የአቀንጭራ ዘር እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው። አንዱ ተክል ብቻውን በዐሥር ሺሕ የሚቆጠር ዘር ይበትናል። ያም ዘር በአፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል።

ነገሩ የሚያስደንቀው እዚህ ላይ ነው። የአቀንጭራ ዘር የያዘው ስንቅ ከጥቂት ቀን አያልፍም። የሌላ ተክል ሥር በማይገኝበት ቦታ ከበቀለ ወዲያው ይሞታል። ስለዚህ ዝናብ ቢዘንብም፣ አፈሩ አንድ ሁለት ሳምንት ቢርስና ቢሞቅም፣ ዘሩ ይዘጋጃል እንጂ አይበቅልም። የሚጠብቀው ነገር አለ። ማሽላው ከሥሩ ወደ አፈሩ የሚያፈስሰው ስትራይጎላክቶን የሚባል እጅግ ጥቂት ቅመም አለ። አቀንጭራው ይህ ቅመም ሲደርሰው ብቻ ይነቃል። ቅመሙ ከሥሩ ርቆ ስለማይሄድ፣ የነቃው ዘር ከሥሩ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የራቀው ነው። ከዚያም ጭራውን ልኮ ሥሩን ይይዛል፤ መምጠጫ አብጅቶ ውሃውንና ምግቡን ይጠጣል። አብዛኛውን ጉዳት የሚያደርሰው ገና ከመሬት በታች ሳለ ነው። ገበሬው አረሙን ባየበት ቀን ነገሩ ካለፈ ቆይቶአል።

እንግዲህ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ማሽላው ጠላቱን የሚቀሰቅስ ቅመም ለምን ያፈስሳል? ይህ ጥያቄ ለብዙ ዓመት መልስ አልነበረውም። ቅመሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1966 ከጥጥ ሥር ነው። ጥጥ ደግሞ አቀንጭራ የማያጠቃው ተክል ስለሆነ ነገሩ ይበልጥ ግራ አጋባ። መልሱ የተገኘው ከ39 ዓመት በኋላ፣ በ2005 ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች ቅመሙ የወዳጅ መጥሪያ መሆኑን አሳዩ። በአፈር ውስጥ ከተክል ሥር ጋር ተጣምረው የሚኖሩ ደቃቅ ፈንገሶች አሉ። እነዚህ ፎስፎረስ ከአፈር ለቅመው ለተክሉ ያቀብላሉ፤ ተክሉም በፈንታው ስኳር ይሰጣቸዋል። ተክሉ ፎስፎረስ ሲጎድለው ቅመሙን አብዝቶ ያፈስሳል፤ ፈንገሶቹም ክራቸውን አብዝተው እየዘረጉ ወደ ሥሩ ይመጣሉ። አቀንጭራ ይህን የወዳጆች ጥሪ የሚሰማ ሌባ ነው። መሬቱ በደከመ መጠን ማሽላው አብልጦ ይጣራል፤ አብልጦ በተጣራ መጠን ሌባው ይበዛበታል። አቀንጭራ የደከመ መሬት አረም መሆኑን ገበሬው ከማንም ቀድሞ ያውቅ ነበር፤ ሳይንስ የነገረን ምክንያቱን ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የአገራችን ሰው ትልቅ ስፍራ አላቸው። በወለንኮሚ የተወለዱት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ በዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ተምረው፣ በኋላም በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሲሠሩ፣ ላሪ በትለር ከተባሉ የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ጋር ሆነው ይህን የሥር ጥሪ መረመሩ። አቀንጭራን እምብዛም የማይቀሰቅስ ማሽላ ፈልገው አገኙ፤ ጠባዩንም ወደ ሌሎች ዘሮች አዛመቱ። በአገራችን «ጎብዬ» እና «አብሽር» የተባሉት ማሽላዎች ከዚህ ሥራ የመጡ ናቸው። ፕሮፌሰሩም እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሸለሙ። በ2017 ደግሞ እሳቸው ያሉበት የምርምር ቡድን ምሥጢሩ በአንድ ጂን ላይ መሆኑን አሳወቀ። ማሽላው መጣራቱን ጨርሶ አልተወም፤ የጥሪውን ዓይነት ለወጠ እንጂ። ሌባው በደንብ የማይሰማው ዘዬ ተናገረ ልንል እንችላለን።

አሁን ቆም ብለን አንድ ነገር እናስተውል። ይህን ሁሉ በምን ዓይነት ቋንቋ ነገርኋችሁ? አቀንጭራ «ይጠብቃል» አልሁ። ማሽላ «ይጣራል» አልሁ። «ወዳጅ» አልሁ፣ «ሌባ» አልሁ፣ «ተናገረ» አልሁ። ከእነዚህ ቃላት አንዱን እንኳ ሳልጠቀም ታሪኩን ልንገራችሁ ብል አይሆንልኝም ነበር። እንግዲህ የክርክሩ ሁሉ ቁም ነገር ይህ ነው፤ እነዚህን ግሦች ለተክል የምንሰጠው ይገባዋል ብለን ነውን? ወይስ ሌላ ቃል ስላጣን አበድረነው ነው?

ብድሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1880 ከልጁ ከፍራንሲስ ጋር ስለ ዕፅዋት እንቅስቃሴ ባወጣው መጽሐፍ፣ የሥርን ጫፍ በዝቅተኛ እንስሳት ካለው አንጎል ጋር አመሳስሎታል። በእኛ ዘመንም አንቶኒ ትሬዋቫስ የተባሉ የእንግሊዝ አገር ሊቅ በ2003 ስለ ዕፅዋት ብልህነት ጽፈው ብዙ ሰው አከራከሩ። በ2006 «የዕፅዋት ነርቭ ጥናት» የሚል ስም ይዘው የተነሡ ሊቃውንት ነበሩ። በተከታዩ ዓመት 36 ሌሎች ሊቃውንት በአንድነት ፈርመው «ነርቭ በሌለበት የነርቭ ጥናት ማለት ምንድን ነው?» ሲሉ ተቃወሙአቸው። በ2016 የአተር ቡቃያ የነፋስን መንፈስ ከብርሃን መምጣት ጋር ማያያዝ ተማረ የሚል ጥናት ወጣ፤ በ2020 ሌላ ተመራማሪ ያንኑ ሙከራ ደግሞ ቢያደርገው ያው ውጤት አልተገኘም። ክርክሩ እንግዲህ በሊቃውንቱም ዘንድ አልተዘጋም።

እኔ በበኩሌ ክርክሩ የሚጠላለፈው አንዲቱን የእንግሊዝኛ ቃል ይዘን ስለምንሟገት ይመስለኛል። አማርኛ በዚህ ረገድ ከእንግሊዝኛው የበለጠ ሀብት አለው። ብልሃት አለ፣ ብልጠት አለ፣ ጥበብ አለ፣ ማስተዋል አለ፣ ልቡና አለ። ለእንስሳ ጠባይ ደግሞ «ደመ ነፍስ» የሚል ቃል አለን። የቀደሙት መምህራኖቻችን የሰውን ነፍስ ሲያስተምሩ ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ብለው ከፈሉት፤ ይኸውም የምታስብ፣ የምትናገር፣ የምትኖር ማለት ነው። ዕፅዋትን ግን በእጅ የሚለቀም፣ በማጭድ የሚታጨድ፣ በምሳር የሚቆረጥ ብለው ለዩአቸው። ይህ የኋለኛው አከፋፈል ተክሉን የሚለየው በገዛ ጠባዩ አይደለም፤ እኛ በምንይዘው መሣሪያ ነው። ለሰው የሚያገለግል ድንቅ አከፋፈል ነው፤ ስለ ማሽላው ስለ ራሱ ግን ብዙ አይነግረንም።

እንግዲህ ብልሃትንና ልቡናን እንለይ። ብልሃት ማለት ለታሰበው ወይም ለሚያስፈልገው ጉዳይ የሚስማማ መላ ማለት ነው። ብልሃት ያለ ባለቤት ሊኖር ይችላል። የተረትና ምሳሌን ነገር ተመልከቱ። አንድ ምሳሌ በውስጡ የብዙ ትውልድ ዕውቀት ታጭቆበታል፤ ምሳሌው ራሱ ግን የሚያውቀው ነገር የለም። ማን እንደ ጀመረውም አይታወቅ። ያልሠመረው ንግግር እየተረሳ፣ የሠመረው እየተደገመ፣ ከአፍ ወደ አፍ እየተጣራ መጣ። የአቀንጭራም ብልሃት እንዲሁ ነው። ያለ ጥሪ የበቀለው ዘር እየሞተ፣ ጥሪ የጠበቀው እየተረፈ፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ ተጣራ። ዘሩ አንድ በአንድ ሲታይ የተማረው ነገር የለም፤ የተማረው ዘር ማንዘሩ ነው።

ለዚህም ማስረጃ አለኝ። በአሜሪካ በካሮላይና አገሮች እ.ኤ.አ. በ1956 የአቀንጭራ ዘመድ የሆነ አረም በተገኘ ጊዜ፣ ለማጥፋት ከተጠቀሙባቸው ዘዴዎች አንዱ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ በአፈር ውስጥ መርጨት ነበር። ጋዙ እንደ ሥር ጥሪ ሆኖ ዘሩን ያስነሣዋል፤ የተነሣው ዘር ግን የሚይዘው ሥር አጥቶ ይሞታል። ጥጥ የመሰለ የማይጠቃ ተክል ማፈራረቅም የሚጠቅመው በዚሁ ምክንያት ነው። የአቀንጭራ ዘር አንድ ጊዜ ብቻ ይነሣል፤ ከተታለለም ለሁለተኛ ጊዜ የሚጠነቀቅበት ዕድል የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይመጣብኛል። «ሰውስ አይታለልምን? ደግሞስ ተክል በገዛ ዕድሜው የሚያስታውሰው የለምን?» እባል ይሆናል። እውነት ነው፤ አለው። ዝንብ የምታጠምደው ተክል በአንድ ንክኪ አትዘጋም፤ በ20 ሴኮንድ ያህል ውስጥ ሁለተኛው ሲደገም ነው የምትዘጋው። ስለዚህ የመጀመሪያውን በአንድ ዓይነት መንገድ ይዛ ትቆያለች ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 እንደ ታየውም፣ ቅጠሉ በትል የተበላ ተክል ወሬውን በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ሌሎች ቅጠሎቹ ያደርሳል፤ ለመልእክቱም የሚጠቀምበት አንዱ ቅመም በእኛ አንጎል ውስጥ የሚሠራው ግሉታሜት ነው። በቆሎም በትል ሲበላ የትሉን ጠላት ተርብ የሚስብ ሽታ ይለቃል። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። «ዛፍ ምንም አይሰማው» ብሎ የሚስቀው ወገን ይህን ሳያነብ ባይስቅ ደስ ይለኛል።

ነገር ግን መልእክት መኖሩና መልእክቱ የሚደርሰው ባለቤት መኖሩ ሁለት ነገር ነው። በሰዋስው ትምህርት «አቀንጭራ ጠበቀ» ብንል አቀንጭራ ባለቤት ይባላል። «ዝናብ ዘነበ» ብንልም ዝናብ ባለቤት ነው። ሰዋስው ለሁሉም እኩል ባለቤትነት ያድላል፤ ዓለም ግን እንደዚያ ለጋስ አይደለችም። የልቡና ጥያቄ ይህ ነው፤ ነገሩ ሲደርስበት «እኔን ደረሰብኝ» የሚል አለ ወይ? መናገር የማይችለው ሕፃን ያለቅሳል። ውሻም ሲመታ ይጮኻል፤ በነጋታውም የመታውን ሰው ይሸሻል። በሁለቱም ውስጥ ነገሩ የሚያሳምመው ባለቤት መኖሩን አልጠራጠርም። በማሽላው ውስጥ ግን ብልሃቱን አየሁ፤ ባለቤቱን አላየሁም። የለም ብሎ መማል ለማንም አይቻልም። አለ የሚለው ግን ማስረጃውን ማምጣት የእሱ ዕዳ ነው። ስለዚህ የእኔ ፍርድ፣ ዕፅዋት ብልሃት አላቸው፤ ልቡና ግን የላቸውም የሚል ነው።

«ታዲያ ይህ ክርክር ለወሎ ገበሬ ምን ይፈይድለታል?» የሚል ጓደኛ ይኖራል። ብዙ ይፈይዳል። ተክልን እንደ ግዑዝ የሚያይ ሰው መፍትሔው ሁሉ ከውጭ በሚጨመር ነገር ብቻ ይመስለዋል። ብልሃቱን የሚያይ ግን «ይህ ተክል ማንን ይጠራል? ማንስ ይሰማዋል?» ብሎ ይጠይቃል። አቀንጭራን የማይቀሰቅሰው ማሽላ የተገኘው እንዲህ ብሎ ከመጠየቅ ነው። በኬንያ በዓለም አቀፉ የነፍሳት ምርምር ማዕከል የተገኘውም ዘዴ፣ ዴስሞዲየም የተባለ የከብት መኖ በበቆሎና በማሽላ መካከል ዘርቶ በሥሩ ቅመም አቀንጭራን መከልከል፣ በሽታውም የአገዳ ቆርቁርን የእሳት ራት ማባረር ነው። እዚህም ላይ ሰው ያደረገው ነገር ቢኖር የአንዱን ተክል ብልሃት በሌላው ላይ ማዋል ነው።

ነገር ግን ከዚህ የሚበልጥ አንድ ጉዳይ አለ፤ ብዕር ያነሣሁትም ስለ እሱ ነው። እኛ ለዛፍ ልቡና እንስጥ አንስጥ እያልን እስከ እኩለ ሌሊት ስንሟገት፣ ልቡና ያለው ለመሆኑ አንዳች የማያጠራጥር ሰው በዚያ ማሳ መካከል ቆሞአል። እሱን የምንጽፈው እንዴት ነው? ስለ ግብርና የተጻፈ ማንኛውንም ሪፖርት አንሥታችሁ በሰዋስው ዓይን አንብቡ። ገበሬው «ይሠለጥናል»፤ «ይመከራል»፤ «ግንዛቤ እንዲያገኝ ይደረጋል»፤ «ምርጥ ዘር ይታደለዋል»። ማሽላው «ይጣራል»፣ አቀንጭራው «ይጠብቃል»፣ ገበሬው ግን የሚያደርገው አንድም ግሥ የለውም። አረሙ ባለቤት ሆኖ፣ ሰውየው ተሳቢ ሆኖ ቀረ።

ይህ የቃል ነገር ብቻ ቢሆን ባልደከምሁ። ውጤቱ በማሳው ላይ ይታያል። ቶሎ የሚደርስና ቁመቱ ያጠረ ማሽላ ሲመጣለት ገበሬው አልቀበልም ካለ፣ «አሮጌ ልማድ ይዞት ነው» እንላለን። ልማድ ሳይሆን ሒሳብ ነው። እሱ ፍሬውን ብቻ አይቆጥርም፤ አገዳውንም ይቆጥራል። አገዳው ካጠረ በሬው በበጋ ምን ይበላል? ምድጃውስ በምን ይነዳል? ጎጆውስ በምን ይታደሳል? በዚህ ላይ ወፍ፣ ጣዕም፣ የእንጀራው ልስላሴ፣ የዝናቡ መዘግየት አለበት። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አመዛዝኖ ለከርሞ ዘር የሚሆነውን ራስ ከማሳው መርጦ የሚያስቀር ሰው፣ ፈተና ቢሰጠን ብዙዎቻችን የምንወድቅበትን ጥያቄ በየዓመቱ ይመልሳል። ብልሃት ብቻ ያለው አይደለም፤ ለምን እንዳደረገው ቢጠይቁት ምክንያቱን የሚናገር የብልሃቱ ባለቤት ነው። ችግሩ የሚጠይቀው ማነስ ነው።

ስለዚህ ለጓደኞቼ ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል የሚገኘው እዚያው ሐብሩ ውስጥ ነው። የተማሪዎች ማኅበራችን የሳይንሱንና የአርትሱን ተማሪ በአንድነት ይዞ ወደዚያ ቢሄድ፣ ወደ ገበሬውም ማሳ ቢገባ፣ ክርክራችን ሥር ይኖረዋል። ሁለተኛ፣ እኛ የቋንቋ ተማሪዎች ገበሬው ስለ ማሽላና ስለ አቀንጭራ የሚናገርበትን ቃል፣ እያንዳንዱን ማሽላ የሚጠራበትን ስም፣ ስሙንም ያወጣበትን ምክንያት በእረፍት ወራት እንሰብስብ። ሊቃውንት ተክሉ ማንን እንደሚጠራ ለማወቅ 39 ዓመት ፈጅቶባቸዋል። የገበሬውን ንግግር ለማወቅ ግን ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ የሚናገረው በምንሰማው ቋንቋ ነው።

ነገ ተመርቀን ሪፖርቱን የምንጽፈው እኛው ነን። ለማሽላ ልብ መስጠት አለመስጠት ሊቃውንት የሚያከራክራቸው ነገር ነው፤ ይከራከሩበት። ገበሬውን ከተሳቢነት አውጥተን የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ማድረግ ግን የማንንም ጥናት የማይጠብቅ፣ ከዛሬ የክፍል ጽሑፋችን ልንጀምረው የሚገባን ሥራ ነው።